ገመሳ፣ አይማ እና ኔጌቲቭ አንድ

ባለፈው ግንቦት አያቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ቀያቸው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ ከማንኩሳ ፈቀቅ ብሎ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ማንኩሳን በስም ያውቃታል። አያቴ ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ እርፍ መጨበጥ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ማሳው ዳር ቆሞ መቆጣትን ግን አላቆሙም። የዚያን ቀን የሚያርሰው የአጎቴ ልጅ ነበር። እኔ ዛፍ ሥር ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጫለሁ።

«ምን ነካህ? ገመሳው በዚህ ሄዷል፤ አይማውን እንደገና በዚሁ ልትሄድበት ነው? አቋርጠህ ግባ እንጂ!» አሉት።

ከተማ ላደጋችሁት ላስረዳ። መሬት መጀመሪያ ሲታረስ ገመሳ ይባላል። ሁለተኛው እርሻ አይማ ነው፤ ሦስተኛው ስለሳ። የእኛ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ በሁለት ፈሮች መካከል ያልታረሰ መሬት ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አይማው ገመሳውን በመስቀለኛ ያቋርጠዋል። ስለሳው ደግሞ አይማውን ያቋርጣል፤ ማለትም ወደ ገመሳው መስመር ይመለሳል።

እዚያ ዛፍ ሥር ሆኜ ይህን ስሰማ እጄ ከኪቦርዱ ላይ ቆመ። ምክንያቱም አያቴ ሳያውቁት፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝን ነገር ነው የተናገሩት።

*

የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። አፕላይድ ማቲማቲክስ ሦስት የሚባል ኮርስ አለ፤ የወሰደው ያውቀዋል። ከመሃሉ በኋላ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ይመጣል። ከመሰናዶ ጀምሮ የተነገረን ነገር ይህ ነበር፦ በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ አንድ የሚሰጥ ቁጥር አለ፤ ስሙ «አይ» ነው፤ ምናባዊ ነው፤ በቃ ተቀበሉት። ተቀበልን። ቀጥሎ የኮሺ–ሪማን እኩልታዎች መጡ፤ እነሱንም ሸመደድን። አንደኛው እኩልታ ላይ የመቀነስ ምልክት አለ፣ ሌላኛው ላይ የለም። የቱ ላይ እንደሆነ እንዳይጠፋብኝ በእጄ መዳፍ ላይ እጽፍ ነበር (ለፈተና ሳይሆን ለጥናት፤ እመኑኝ)።

ኮርሱን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ግን አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «እነዚያ ሁለት እኩልታዎች ምን ማለት ናቸው?» ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። ፎርሙላ ነበረኝ፤ ምስል አልነበረኝም። ማንንም አልወቅስም፤ በብዙው ዓለም የሚሰጠው እንዲሁ ነው። የገረመኝ በኋላ ታሪኩን ሳነብ ያገኘሁት ነገር ነው። ይህ ሒሳብ ምስል ያገኘው ከመሬት ለኪ እጅ ነው።

*

ታሪኩ ጣሊያን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1545 ጂሮላሞ ካርዳኖ አንድ እንቆቅልሽ የመሰለ ጥያቄ አነሣ፦ አሥርን ለሁለት ክፈል፤ ሁለቱ ክፍሎች ሲባዙ አርባ ይስጡ። በተለመደው ቁጥር አይቻልም። ካርዳኖ ግን የኔጌቲቭ አሥራ አምስትን ስኩዌር ሩት ይዞ ሒሳቡን ቀጠለ፤ ወጣለት። ምን እንዳወጣ ግን ሊናገር አልቻለም። በ1572 ራፋኤል ቦምቤሊ የእነዚህን ቁጥሮች የአሠራር ሕግ ጻፈ። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሰዎች ሠሩባቸው፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ መልስ ይሰጣሉ፣ የት እንዳሉ የሚያሳይ ግን የለም። የእኔ የአፕላይድ ሦስት ሕይወት ማለት ነው።

ካስፓር ቬሰል እ.ኤ.አ. በ1745 ኖርዌይ ውስጥ የተወለደ የቄስ ልጅ ነው። ከ1764 ጀምሮ ዕድሜውን የጨረሰው በመሬት ልኬት ሥራ ላይ ነው፤ ለዴንማርክ ሳይንስ አካዳሚ ካርታ የሚሠራ ቀያሽ ነበር። ሥራው ምን እንደሚመስል አስቡት። ከአንድ ኮረብታ ወደ ሌላው ያነጣጥራል፤ ማዕዘን ይለካል፤ ርቀት ያሰላል፤ ይጽፋል። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ነገር አለው፦ ስንት ይረዝማል፣ ወዴት ይሄዳል።

መጋቢት 10 ቀን 1797 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ለአካዳሚው አንድ ጽሑፍ ቀረበለት። ቬሰል የአካዳሚው አባል አልነበረም። ጥያቄው የቀያሽ ጥያቄ ነው፦ ርዝመትና አቅጣጫ ያለውን መስመር እንዴት አድርገን እንደ ቁጥር እንደምር፣ እንደ ቁጥር እናባዛ? መደመሩ ቀላል ነው፤ የአንዱን መነሻ ከሌላው መድረሻ ላይ ትቀጥላለህ። ማሳ ዞረህ ወደ ተነሣህበት ድንጋይ ከተመለስክ ድምሩ ዜሮ ነው። ቀያሽ ሥራውን የሚያጣራውም በዚሁ ነው፤ ዜሮ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። ማባዛቱ ላይ ነው ቬሰል አዲስ ነገር ያመጣው፤ ርዝመቶቹ ይባዛሉ፣ ማዕዘኖቹ ይደመራሉ።

አሁን የአያቴ ማሳ መሃል ቁሙና ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ። አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ «አንድ» ይባል። አንድ እርምጃ ወደ ሰሜን «አይ» ይባል። በቬሰል ሕግ በ«አይ» ማባዛት ማለት ሩብ ዙር ወደ ግራ መዞር ማለት ነው። ምሥራቅ የነበረው ሰሜን ይሆናል። አንዴ እንደገና አባዙ፤ ሰሜን የነበረው ምዕራብ ይሆናል። ምዕራብ ደግሞ የምሥራቅ ተቃራኒ ነው፤ ኔጌቲቭ አንድ። ስለዚህ «አይ» በ«አይ» ሲባዛ ኔጌቲቭ አንድ ይሰጣል። ምንም ምናባዊ ነገር የለበትም፤ ሁለት ጊዜ መዞር ነው።

ገመሳው በምሥራቅ መስመር ሄደ። አይማው በመስቀለኛ ገባ። ስለሳው ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰ። (አይማ የሚለው ቃል በ«አይ» መጀመሩ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳሁትም።)

የቬሰል ጽሑፍ በ1799 እ.ኤ.አ. በዴንማርክኛ ታተመ፤ ከዚያ ተቀበረ። ዣን ሮቤር አርጋን በ1806 ፓሪስ ላይ ያንኑ ሐሳብ በራሱ መንገድ ደረሰበት። ጋውስ በ1831 ሐሳቡን በስሙ ክብደት አጸናው። እንዲያውም ጋውስ ስሞቹን ራሳቸውን ነው የወቀሰው፤ «ምናባዊ» ከማለት «ወደ ጎን» ብንላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ጨለማ ባልኖረ አለ። ልክ ነው፤ አራሹ «ወደ ጎን» ቢባል ገና በሬ ሳይጠምድ ይገባዋል። ቬሰል ግን ይህን አላየም፤ በ1818 ሞቷል። ሥራውን ዓለም እንደገና ያወቀው በ1895 ነው፤ ከተነበበ ወደ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል።

*

እሺ፣ ቁጥሩ መዞር ነው። እነዚያ መዳፌ ላይ የጻፍኳቸው እኩልታዎችስ?

ካርታ አስቡ። ካርታ ማለት እያንዳንዱን የመሬት ነጥብ ወስዶ ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ የሚሰጥ ሕግ ነው። የኮምፕሌክስ ፈንክሽንም ያው ነው፤ ነጥብ ይገባል፣ ነጥብ ይወጣል። ሙሉው ማሳ ወረቀቱ ላይ ሊጎብጥ፣ ሊለጠጥ፣ ሊጠማዘዝ ይችላል። ነገር ግን ከማሳው ጥፍር የምታክል ቁራሽ ብቻ ብናይስ? ጤነኛ ፈንክሽን (መጽሐፎቹ አናሊቲክ የሚሉት) ያችን ቁራሽ ሁለት ነገር ብቻ ያደርጋታል፤ ያዞራታል፣ ያሳድጋታል ወይም ያሳንሳታል። አያንጋድዳትም።

ስለዚህ የገመሳው ፈር ወረቀቱ ላይ በሆነ አቅጣጫ ከሄደ፣ የአይማው ፈር ምርጫ የለውም፤ ከዚያ አቅጣጫ ሩብ ዙር ወደ ግራ መሆን አለበት፣ ርዝመቱም እኩል። የገመሳው እርምጃ ወረቀቱ ላይ ሦስት ወደ ምሥራቅና ሁለት ወደ ሰሜን ከሆነ፣ የአይማው እርምጃ ሁለት ወደ ምዕራብና ሦስት ወደ ሰሜን ይሆናል። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ፣ አንዷ ምልክቷን ቀየረች። አለቀ። የኮሺ–ሪማን እኩልታዎች ይኸው ናቸው። ያቺ የመቀነስ ምልክት ምዕራብ ናት። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሰው ይህን ቢለኝ ኖሮ መዳፌ ንጹሕ ይሆን ነበር።

ይህን እይታ የመሠረተው በርንሃርድ ሪማን ነው፤ በ1851 ጌቲንገን ላይ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ። ለሪማን ፈንክሽን ማለት ፎርሙላ ሳይሆን አንዱን ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ነገር ነበር። በርሊን የነበረው ካርል ቫየርሽትራስ ግን ሥዕልን አላመነም፤ እሱ የፈለገው ተከታታይ ድምር፣ ጥብቅ ማረጋገጫ ነበር። በ1870 ሪማን የተመረኮዘበትን አንድ መርህ ወስዶ ማረጋገጫ እንደሌለው አሳየ። ቫየርሽትራስ ልክ ነበር፤ ዓይን ያታልላል። መርሁ ቆይቶ ተስተካክሎ ቆመ፤ ነገር ግን የመማሪያ ክፍሉን የያዘው በብዙ ቦታ ፎርሙላው ነው። በ1997 ትሪስታን ኒድሃም «ቪዥዋል ኮምፕሌክስ አናሊሲስ» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ትምህርቱን በሙሉ ከሥዕል አስነሣው። እኔ መጽሐፉን ያገኘሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ማታ ማታ ነው። የጂኦሜትሪው መንገድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፦ ይህ ነገር ማሳውን ምን ያደርገዋል?

ይህ ጥያቄ ጎጃም ውስጥ የሒሳብ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

*

አያቴ ላፕቶፔን የሚያዩበት ዓይን አለ። መጀመሪያ የመሰለኝ የቴክኖሎጂ እንግድነት ነው። አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያየሁት የማሳቸው ወሰን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ወሰን ለካሁ የሚል ሰው ሲመጣ የመጀመሪያቸው አይደለም።

ኅዳር 1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ግብሩ በምርት ላይ የተጣለ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾቹን ሲያይ ያየው ቀላድ ነው፤ የመለኪያ ገመዱን። ለዚህም ምክንያት ነበረው። በደቡብ በኩል መሬት በቀላድ ተለክቶ፣ በጋሻ ተቆጥሮ ብዙ ገበሬ የሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ሰምቷል። ጎጃም ደግሞ ርስት ነው፤ ሰው መሬት የሚያገኘው ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም ትውልድ ቆጥሮ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን ይህን ሥርዓት ያጠናው ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው ደጋ ዳሞት ነበር። በዚያ ሥርዓት መሬት የሚታወቀው በስፋቱ ሳይሆን በዘር ሐረግና በጎረቤት ነው። ለኪው ስፋቱን ሲጽፍ ያን ሁሉ አይጽፍም።

ጎጃም በ1930ዎቹም በ1940ዎቹም በመሬት ግብር ምክንያት አምጿል። የ1960ው ግን ከፋ። ደጋ ዳሞት፣ ሞጣ፣ ቢቸና ተነሡ፤ ጦር ተላከ፣ አይሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም ጎጃም ላይ ሳይጸና ቀረ።

አያቴ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደጋ ዳሞት ለሸፈቱ ዘመዶች ስንቅ ያደርሱ ነበር። «ገመዱ ክፉ አልነበረም ልጄ» አሉኝ ማታ፣ እሳት ዳር። «ገመድ ገመድ ነው። ጫፉን ማን ይዞታል ነው ነገሩ።»

*

የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ገበሬው ገመዱን እንቢ ባለበት ዘመን መሬቱ ከላይ በኩል ተለክቶ ነበር። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያና አሜሪካ የዓባይን ተፋሰስ በጋራ አስጠኑ። ለጥናቱ የመለኪያ መረብ ያስፈልግ ነበር፤ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠሩ ትሪያንግል እየሠሩ፣ ልክ እንደ ቬሰል። መረቡ የተነሣው በግብፅና በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ካለ አዲንዳን ከሚባል ጣቢያ ነው። እስከ ዛሬ የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች ኅዳግ ላይ «አዲንዳን» የሚል ስም ታገኛላችሁ።

«ተራራውን ለኩት ሲባል ሰምተናል» ይላሉ አያቴ። «ተራራ ግብር አይከፍልም ብለን ተውነው።»

ክብ የሆነውን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማውረድ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጋውስ ይመለሳል። የዴንማርክ አካዳሚ (አዎ፣ ያው የቬሰል አካዳሚ) ላቀረበው የሽልማት ጥያቄ በ1822 መልስ ላከ፦ አንዱን ገጽ ወደ ሌላው፣ ጥቃቅን ቁራሾቹ ቅርጻቸውን ሳይለቁ፣ እንዴት እናወርዳለን? መልሱ የኮምፕሌክስ ፈንክሽን ነው። በዚያው ዘመን ሀኖቨርን ራሱ እየዞረ ይቀይስ ነበር፤ ለዚያ የተጠቀመበትን ካርታ ዮሃን ላምበርት በ1772 ጠቁሞት፣ ሉዊስ ክሩገር በ1912 አሟልቶ ጽፎታል። ዛሬ ስልካችሁ ላይ፣ ጂፒኤስ ላይ፣ የመሬት ይዞታ ካርታ ላይ ያለው ዩቲኤም የሚባለው ሥርዓት የዚህ ልጅ ነው። ምድርን እንደ ብርቱካን በ60 ክፍል ይሰነጥቃታል። ኢትዮጵያ በ36ኛው፣ በ37ኛውና በ38ኛው ላይ ትወድቃለች፤ ምዕራብ ጎጃም 37ኛው ውስጥ ነው።

ጋውስ በ1827 አንድ መጥፎ ዜናም አረጋግጧል፤ ክብ ምድርን ርቀትን ሁሉ ጠብቆ ጠፍጣፋ ማድረግ አይቻልም። ካርታ ሠሪ መምረጥ አለበት። ዩቲኤም የመረጠው ማዕዘንን ነው። ገመሳና አይማ ካርታው ላይም በመስቀለኛ ይገናኛሉ፤ ዋጋው የሚከፈለው በርቀት ነው። የክፍሉ መሃል መስመር 39 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ በስተምሥራቅ ያልፋል። እዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ካርታው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ታጥራለች። ከመሃሉ እየራቅን ስንሄድ ጉድለቱ እየጠበበ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ትርፍ ይጀምራል።

ያን 180 ኪሎ ሜትር አሰላሁት። መስመሩ ከፍኖተ ሰላም በስተምሥራቅ፣ ወደ ደምበጫ በኩል፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያልፋል። ፍኖተ ሰላም ላይ ስሕተቱ በኪሎ ሜትር አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ቡሬ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር። ካርታው ምድሯን ከሞላ ጎደል በልኳ ከሚያሳይባቸው ቦታዎች አንዱ የአያቴ ሰፈር ነው። ለሳቸው ስነግራቸው «እሱንስ እናውቃለን» አሉ።

*

ታዲያ ላፕቶፑ ላይ ምን እሠራ ነበር? አያቴ የይዞታ ማረጋገጫ አላቸው። አማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደብተር ሰጥቷል፤ የመጀመሪያው ደብተር ማሳውን በአዋሳኝ ነው የሚገልጸው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ። በኋላ ደግሞ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ወሰን ተሠምሮ፣ ባለ ካርታ ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ መጣ። እኔ የፈለግኩት የማሳውን ወሰን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ምንጩን አንድ ላይ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ለቤተሰቡ መሥራት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑንና የምንጩን ቦታ ከአንድ ለሃምሳ ሺህ የድሮ ካርታ ላይ ወሰድኩ።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ቤተ ክርስቲያኑ ወንዝ ውስጥ ቆሟል።

ሁለት ቀን ኮድ ስፈትሽ ዋልኩ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ፎርሙላው ልክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የድሮው ካርታ በአዲንዳን የተሠራ ነው፣ እኔ በአዲሱ የጂፒኤስ መነሻ አነበብኩት። በኮዱ ቋንቋ 20137 መጻፍ ሲገባኝ 32637 ጻፍኩ። ሁለቱም «ዩቲኤም 37» ናቸው፤ ነገር ግን እዚያ አካባቢ በመካከላቸው ወደ ሰሜን 200፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ማዕዘኖቹ ሁሉ ፍጹም ነበሩ። ቅርጹ ፍጹም ነበር። ቦታው ብቻ ውሸት ነበር። ያ ቤተ ክርስቲያን ባይሆንና የሰው ማሳ ቢሆን፣ ወረቀቱም ማኅተም ያለበት ቢሆን፣ ሁለት ጎረቤት ፍርድ ቤት ያገናኝ ነበር።

በመጨረሻ የስፋቱን ስሌት ጻፍኩ። ሦስት መስመር ኮድ ነው፤ ሁሉም ፕሮግራመር ከኢንተርኔት የሚገለብጠው። ያን ቀን ግን በቬሰል ዓይን አየሁት። ኮሺ በ1825 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር አለ፦ ማሳውን ዙሩ፤ እያንዳንዱን እርምጃ በቆማችሁበት ነጥብ የፈንክሽኑ ዋጋ አባዙና ደምሩ። ፈንክሽኑ በማሳው ውስጥ ሁሉ ጤነኛ ከሆነ ስትመለሱ ድምሩ ዜሮ ነው፤ እንደ ቀያሹ ማጣሪያ። አሁን ግን ጤነኛውን ትታችሁ መስታወት ውሰዱ፤ ሰሜኑን ደቡብ የሚያደርግ ፈንክሽን። መስታወት ግራን ቀኝ ያደርጋል፤ ስለዚህ የአይማው ሩብ ዙር ይገለበጥበታል፤ አናሊቲክ አይደለም። በእሱ እያባዛችሁ፣ ማሳውን በግራችሁ አድርጋችሁ ከዞራችሁ ድምሩ ዜሮ አይመጣም። የሚመጣው የማሳው ስፋት እጥፍ ነው፣ በ«አይ» ተባዝቶ። የዓለም የመሬት ሶፍትዌር ስፋት የሚያሰላበት ሦስት መስመር ኮድ ይህን ነው የሚሠራው።

ውጤቱ 5,200 ካሬ ሜትር ግድም መጣ፤ ግማሽ ሄክታር ፈቀቅ ያለ። ማረጋገጫው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ደስ ብሎኝ ለአያቴ ነገርኳቸው።

«ግማሽ ሄክታር ስንት ጥማድ ነው?»

«ሁለት ይላሉ።»

ሳቁ። «ይኸ ማሳ ሦስት ጥማድ ነው። አባቴም ሦስት ብሎ ነው ያወረሰኝ።»

ልከራከር ነበር። ግን ማሳውን አየሁት። ቁልቁለት ነው። ካርታ የሚለካው የተዳፋቱን ጥላ ነው፤ ከላይ በቀጥታ የሚታየውን። በሠላሳ በመቶ ተዳፋት ላይ 5,200 ካሬ ሜትር ጥላ፣ ማረሻው የሚረግጠው 5,430 ይሆናል። ይህም ግን ሦስት ጥማድ አያደርሰውም። ቀሪውን ያስረዱኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጥማድ ስፋት አይደለም፣ ቀን ነው። ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። ድንጋያም ቁልቁለት ላይ በሬ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ይህ ማሳ የሦስት ቀን ማሳ ነው። የእኔ ቁጥር አልተሳሳተም፤ ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው።

የካርታው ጥምዘዛ በኪሎ ሜትር አራት ሳንቲ ሜትር። የተዳፋቱ፣ ከመቶ አራት። የእኔ ስሕተት፣ ከ200 ሜትር በላይ። ትልቁን ስሕተት የሠራው ፎርሙላውን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትቶ መሬቱን ቀና ብሎ ባለማየቱ። መሰናዶ እያለሁ «አይ»ን ሳላይ እንደተቀበልኩት፣ ቁጥሩንም ሳላይ ተቀበልኩት።

በማግስቱ የአጎቴ ልጅ እርፉን ሰጠኝ። ገመሳው ያልደረሰበት አንድ ጥግ ቀርቶ ነበር። በሬዎቹ እንግዳ መሆኔን ወዲያው አወቁ። ሃያ ሜትር ያህል ሄድኩ፤ ዞሬ ሳየው ፈሩ እንደ እባብ ተጣሞ ተኝቷል። አያቴ ማሳው ዳር ሆነው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ተወው፣ ግድ የለም» አሉ። «አይማው ያስተካክለዋል።»